ባለመጋዙና የምርት ቁጥጥር ረዳቷ ልጁ

የዕድሜዬን እኩሌታ ያሳለፍኩት በአንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ክሊኒክ ውስጥ ነው። ነርስ ነኝ። ሰው ጤነኛ ሲሆን አያስታውሰኝም፤ ስለዚህ ወደ እኔ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወይ የታመመ ነው ወይ የተናደደ። በዚያ ዝናባማ ማለዳ ከፋብሪካው በር ላይ ያገኘኋቸው ሰው ግን ምንም ሳይታመሙ ክፉኛ የተናደዱ ነበሩ።

ፋብሪካው ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም፤ ሁሉም «ባለመጋዙ» ነበር የሚላቸው። ዕድሜ ልካቸውን ትልቁ መጋዝ ላይ ቆመው ግንድ ሲሰነጥቁ ኖረው ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጥተዋል። የመጋዙ ጩኸት ጆሯቸውን ስላከበደው ሲያወሩ ድምፃቸው ከክፍል ክፍል ይሰማል። ያን ዕለት የክት ኮታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው ከጥበቃው ቤት ጣሪያ ሥር ተጠልለው ነበር።

«እንደምን አደሩ ጋሼ? ምን እግር ጣለዎት? መጋዙ ናፈቀዎት እንዴ?» አልኳቸው።

«ይመስገነው፣ ሲስተር። መጋዙስ አልናፈቀኝም። ሥራ አስኪያጁን ፈልጌ ነው።»

«በደህና?»

«በደህናማ አይደለም። ልጄን እንዲመልስልኝ ልለምነው ነው።»

ልጃቸውን አውቃታለሁ። የመጨረሻ ልጃቸው ናት። ትንሽ ሳለች የአባቷን ምሳ ይዛ ስትመጣ «ይሄ ለምን ይጮኻል? ያኛው ለምን ቆመ? ያ ሰውዬ ለምን ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ?» እያለች የማትጠይቀው ነገር ስላልነበር ሠራተኛው «ጥያቄ» የሚል ስም አወጣላት፤ ስሙም አብሯት አደገ። አሁን ትምህርቷን ጨርሳ በዚያው ፋብሪካ የምርት ቁጥጥር ረዳት ሆና ልትቀጠር ፈተናውን አልፋለች። አባትየው ደግሞ ሳትጀምር ሊያስቀሯት መጥተዋል።

«ሥራ አስኪያጁ ገና አልገባም። እዚህ ዝናብ ከሚመታዎት ክሊኒኩ ገብተው ይጠብቁት» ብዬ ይዣቸው ገባሁ።

ክፍሌ ጠባብ ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ሚዛን፣ የመድኃኒት ቁም ሳጥን፣ በመስኮቱ በኩል ደግሞ ላስቲክ የለበሰ የጣውላ ክምር ይታያል። ባለመጋዙ ገና አረፍ ከማለታቸው በሩ ተንኳኳና ጥያቄ ራሷ ገባች። ለቅጥር የጤና ምርመራ ተልካ ነው። አባቷን ስታይ ደጃፉ ላይ ቀጥ አለች።

«አባባ፣ እርስዎ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«አንቺስ?»

«ለመመርመር ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያው ሲስተርን አታድክሚያት። ጤነኛ መሆንሽን እኔ አውቃለሁ። የታመመው ሐሳብሽ ነው።»

የደም ግፊት መለኪያውን እንደያዝኩ መካከላቸው ቆምኩ፤ ለማን እንደማስረው ግራ ገባኝ። ጥያቄ ግን አልተቆጣችም። ወንበር ስባ ከአባቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ነገሩን ቤት ስናነሳው እርስዎ ይነሡና ይወጣሉ። ዛሬ ዝናብ ነው፣ የትም አይሄዱም። እንነጋገር» አለች።

«ጥሩ። ሲስተር ዳኛ ትሁነን» አሉ ባለመጋዙ። «የምርት ቁጥጥር ማለት ምንድን ነው? ስሙ ራሱ ይናገራል። እኔ ላቤን ጠብ ሳደርግ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ከኋላዬ ይቆምና ‹ዛሬ ለምን አነሰ?› ይለኛል። አንቺ ያ ሰው ልትሆኚ ነው። ሠራተኛው የአለቃ ጆሮ ይልሻል፣ አለቃው የሠራተኛ ጠበቃ ይልሻል። ከወፍም ከአይጥም ሳትሆን እንደቀረችው የሌሊት ወፍ ትሆኛለሽ። እኔ ልጄን ያስተማርኩት ሰው ላይ ዘብ እንድትቆም ነው?»

«ልናገር አባባ?»

«ተናገሪ፤ ዝም ማለቱን መቼ ታውቂና።»

«ቁጥጥሩ የሥራው እንጂ የሰው አይደለም። አንድ ትምህርት ቤት ዴስክ አዘዘ እንበል። ጣውላው መጋዘን ውስጥ አለ ወይ? ካለስ ደርቋል ወይ? መጋዙ ነፃ ነው ወይስ የአልጋ ሥራ ይዞታል? ብየዳ ክፍሉ የብረት እግሩን መቼ ያደርሳል? ቫርኒሹ ቢያልቅ አዲሱ መቼ ይገባል? ይህን ሁሉ እየዞረ የሚጠይቅና መልሱን አገናኝቶ ‹ዕቃው በዚህ ቀን ይደርሳል፣ ከዚያ በፊት አይደርስም› የሚል ሰው ያስፈልጋል። ረዳት ማለት ያ ነው።»

«ድሮ እኛ እንዲህ ዞሮ የሚጠይቅ ሰው ሳይኖር ስንሠራ አልነበረም?»

«ትሠሩ ነበር። ግን እስቲ ያስታውሱ። ጠዋት ‹ጣውላ የለም› ተብለው እጅዎን አጣጥፈው ውለው፣ ሊመሽ ሲል ‹ጣውላ መጣ፣ ትርፍ ሰዓት ግቡ› የተባሉበት ቀን ጥቂት ነው? እማማ እራቱን ስታሞቅ፣ ሲቀዘቅዝ ደግማ ስታሞቅ ያመሸችው በማን ጥፋት ነበር? በእርስዎ አልነበረም። የቀኑን ሥራ ቀድሞ ያየ ሰው ስላልነበረ ነው።»

ባለመጋዙ ኮታቸውን አስተካከሉ። ሚስታቸው ካረፈች ቆይታለች፤ ስሟ ሲነሳ ሁልጊዜ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ቀስ ብለው በሌላ በኩል መጡ።

«እሺ፣ ሥራው ጥሩ ነው እንበል። ይዘልቃል ወይ? ማዘጋጃ ቤት ያለው የአክስትሽ ልጅ መዝገብ ቤት ውስጥ ቦታ ይዞልሻል። ጡረታ አለው፣ ማንም አያባርርሽም። ይህ ያንቺ ሥራ ግን ነገ ኮምፒዩተር ይበላዋል ብሎ የነገረኝ እሱ ነው። ሞቱን ለሚጠብቅ ሥራ ልዳርሽ?»

«እውነቱን ነው» አለች ጥያቄ።

አባትየው ይህን አልጠበቁም፤ ቀና ብለው አዩአት። ብዙ ወጣት ተከራካሪዎች የሽማግሌ ቃል ሁሉ ስሕተት ይመስላቸዋል። ይህች ልጅ ግን እውነት የሆነውን እውነት ነው ማለት ትችላለች፤ እኔም ነገሯን ማመን የጀመርኩት ከዚያች ቃል በኋላ ነው።

«ዋሽቼ ላሳምንዎ አልፈልግም» አለች። «ለቃለ መጠይቅ በቀረብኩ ዕለት የዕቅድ ክፍል ኃላፊዋን ይህንኑ ጠየቅኋት። ሳቀችና ‹ጠያቂዋ አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?› አለችኝ፤ ቀጥላ ግን በቅንነት መለሰችልኝ። ድሮ በክፍሉ ብዙ ረዳቶች ነበሩ፤ ቀኑን ሙሉ ቁጥር ከወረቀት ወደ ወረቀት ሲገለብጡ ይውሉ ነበር። ያን ሥራ አሁን ኮምፒዩተሩ ይሠራዋል። ረዳቶቹም ቀንሰዋል፣ ወደፊትም ይቀንሳሉ። ‹ለመገልበጥ የምትመጪ ከሆነ ይቅርብሽ› አለችኝ።»

«ታዲያ ምን ተረፈሽ?»

«ከወንበር ተነሥቶ መጠየቁ ተረፈኝ። ኮምፒዩተሩ ትልቁ መጋዝ በቀን ይህን ያህል ይሰነጥቃል ይላል። እርስዎ ይንገሩኝ፤ በዝናብ ወራት እርጥብ ግንድ ሲገባበት ያን ያህል ይሰነጥቃል?»

«የት አባቱ። ምላጩ ይግላል፣ ይወላገዳል። በየመሀሉ ማሳረፍ ያስፈልጋል።»

«ይህን ኮምፒዩተሩ ያውቃል?»

«ከየት አምጥቶ? እሱ የመጋዙን ስም እንጂ ጠባዩን አያውቅ።»

«ጠባዩን ጠይቆ የሚያስገባለት ሰው ያስፈልጋላ። ኃላፊዋም የጀመረችው በረዳትነት ነው። ከዚያ ዕቅድ አውጪ ሆነች፣ ከዚያ የክፍሉ ኃላፊ። ከእሷ ጋር የነበሩት አንዱ ዕቃ ግዥ ገብቷል፣ አንዷ መጋዘኑን ትመራለች። ደግሞ ሙያው የእንጨት ብቻ አይደለም። ልብስ የሚሰፋበትም፣ መድኃኒት የሚታሸግበትም፣ መጽሐፍ የሚታተምበትም ቤት ይህን ሰው ይፈልጋል። ነገ ይህ ፋብሪካ ቢዘጋ መጋዙ እዚሁ ይቀራል፤ የእኔ ሙያ ግን አብሮኝ ይወጣል።»

ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር። ባለመጋዙ በመስኮቱ ወደ ግቢው በር ተመለከቱ። እዚያ ዘበኛው አንድ መኪና ለማስገባት የበሩን ማገጃ ብረት በግራ እጁ ያነሣል።

«ሚዜዬን ታዪዋለሽ?» አሉ፣ ድምፃቸው እንደ ወትሮው ሳይጮኽ።

«አየዋለሁ፣ አባባ።»

የፋብሪካው ዘበኛ የባለመጋዙ የሠርግ ሚዜ ነው። ድሮ ዘበኛ አልነበረም፤ ከእሳቸው አጠገብ ትንሹ መጋዝ ላይ ይሠራ ነበር።

«ያን ቀን ትእዛዝ ተጣድፎ ነበር» አሉ። «ለትልቁ መጋዝ የሚሆነውን ወፍራም ጣውላ ‹ቀኑ ደርሷል፣ በትንሹም ይሰንጠቅ› ተባለ። ሚዜዬ አይሆንም አለ። የምርት ቁጥጥር ሰውየው ሰዓቱን እያየ ከጎኑ ቆመ። ‹ዛሬ መውጣት አለበት› እያለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሲስተር ታውቀዋለች፤ የቀኝ እጁን ያሰረችለት እሷ ናት። ሦስት ጣቱን አጣ። አንቺ ልትቀመጪ የቋመጥሽበት ወንበር የዚያ ሰውዬ ወንበር ነው። እንግዲህ ይህንንም በጥያቄ መልሺልኝ።»

 ይህ ነበር ለካ የነገሩ ሥር፤ ጡረታውም ኮምፒዩተሩም ቅጠሉ ነው።  ጥያቄ ስትመልስ ዓይኗን ከአባቷ ላይ አልነቀለችም።

«ወንበሩ ባዶ አይቀርም፣ አባባ። እኔ ባልቀመጥበት መጋዝ አጠገብ ቆሞ የማያውቅ፣ የሚዜዎን እጅ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ይቀመጥበታል። ያ ሰውዬ ሌሎች የወሰኑትን ቀን ይዞ ወደ መጋዙ ከመሄድ በቀር ‹ይህ ቀን አይቻልም› ብሎ ወደ ላይ መመለስ አያውቅም ነበር። እኔ የምገባው ያችን ቃል በጊዜዋ ለመናገር ነው። ጣት ከተቆረጠ በኋላ ሳይሆን ቀኑ ሲቆረጥ።»

ዳኛ አድርገውኝ ስለነበር እኔም ቃል ጨመርኩ። «ጋሼ፣ እዚህ የሚመጣ ቁስለኛ እንደ ጉንፋን ወቅት ጠብቆ አይመጣም። ሥራው ረጋ ባለበት ወር ፋሻዬ ሳይነካ ይከርማል። የማይቻል ቀን ቃል የተገባ ዕለት ግን ሰልፍ ነው። እኔ የምደርሰው ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። ከእኔ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ቢኖር ደስ ይለኛል» አልኩ።

ባለመጋዙ ተነሥተው ኮታቸውን ቆለፉ። «አላመንኩም» አሉ። «ግን ዛሬ ለሥራ አስኪያጁ አልናገርም። የሙከራ ጊዜሽ እስኪያልቅ አይሻለሁ። ሰው እንደሚጎዳ እያወቅሽ ‹ይሠራ› ያልሽ ቀን፣ በደመወዝሽ ቀንም ቢሆን፣ እጅሽን ይዤ ነው የማስወጣሽ።»

«እርስዎ ሳይመጡ እኔው ቀድሜ እወጣለሁ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄን ወንበሯ ላይ ያያት ጥቂት ሰው ነው። ጠዋት ከመጋዘን ትጀምራለች፣ ጣውላውን በእጇ ትዳስሳለች፣ ብየዳ ክፍል ገብታ ምን እንደጎደለ ትጠይቃለች፣ ከዚያ ኮምፒዩተሩ ላይ ተቀምጣ ያየችውን ታስገባለች። መጀመሪያ ሠራተኛው አኮረፋት። አባቷ እንደፈሩት «ጆሮ መጣች» እያለ ዝም ይል ነበር። ጣውላ ሳይደርስ በከንቱ የሚቆሙበት ቀን እየቀነሰ ሲሄድ ግን አንደበታቸው ተፈታ፤ ኋላማ ራሳቸው እየጠሩ «ጥያቄ፣ ሙጫው ሊያልቅ ነው» ይሏት ጀመር።

ፈተናው የመጣው ትምህርት ቤቶች ሊከፈቱ ሲቃረቡ ነው። ሥራ አስኪያጁ ብዙ ዴስክ ለሚፈልግ ገዢ «ከመክፈቻው ቀን በፊት ሁሉንም አደርሳለሁ» ብሎ ቃል ገባ። ጥያቄ ማድረቂያ ክፍሉን ስታይ ከጣውላው አብዛኛው ገና እርጥብ ነው። ማታ ቤቷ ገብታ ከአባቷ ጋር ስለ መጋዙ አወራች፤ በነጋታው ወደ እኔ መጣች።

«ሲስተር፣ ስብሰባ ላይ ትገኚልኛለሽ?»

«እኔ ስለ ዴስክ ምን አውቃለሁ?»

«ስለ ዴስክ እኔ እናገራለሁ። አንቺ የምታውቂውን ብቻ ንገሪልኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ደንበኛ እንዳይሸሸው ሁልጊዜ ስለሚሰጋ ምላሱ ከመጋዙ ይቀድማል። በስብሰባው ላይ ገና ሳንቀመጥ ውሳኔውን ተናገረ።

«ሁለት ፈረቃ ይሁን፣ እሑድም ይገባ። ከዚህ በፊትም እንዲሁ ነው የተወጣነው።»

«እንዴት እንደተወጣነው ሲስተር ትንገረን» አለች ጥያቄ።

ነገርኳቸው። ባለፈው ጥድፊያ እጁ የተቀደደውን፣ ዓይኑ ውስጥ የብረት ፍንጣሪ የገባውን፣ ቫርኒሽ ክፍል ውስጥ ትርፍ ሰዓት ስትሠራ ጢሱ አዙሮ የጣላትን ልጅ አንድ በአንድ አስታወስኳቸው። የመጋዘኑ ኃላፊም ሳትጠየቅ «ያኔ ከሄደው ዴስክ ስንቱ ተጣሞ እንደተመለሰ ረሳችሁት?» አለች።

«ታዲያ ትእዛዙን ልመልሰው ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አይመለስም፣ ይከፈል» አለች ጥያቄ። «የደረቀው ጣውላ ለታናናሾቹ ክፍሎች ዴስክ ይበቃል። እሱ ከመክፈቻው በፊት ይደርሳል። የቀረው እስኪደርቅ ብየዳ ክፍሉ የትልልቆቹን ዴስክ እግር ይጨርስ፤ ጣውላው ሲደርስ መገጣጠም ብቻ ይቀራል። ሁለተኛው ጭነት ትምህርት ከጀመረ በኋላ በዚህ ቀን ይወጣል።» ጣቷን የግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ላይ አሳረፈች።

«እዚህ ጋ የተውሻቸው ባዶ ቀኖች ምንድን ናቸው?»

«የብልሽት ቀኖች ናቸው። ትልቁ መጋዝ አርጅቷል። አባቴ ‹ባረጀ መጋዝ ላይ ቀን አታጥብቂ› ብለውኛል።»

«አባትሽ ጡረተኛ ነው። ገዢው እሺ ባይለኝስ?»

«ገና አልጠየቅነውም።»

የዕቅድ ክፍል ኃላፊዋ ወረቀቱን ወደ ሥራ አስኪያጁ አስጠጋች። «ስሌቱን አይቼዋለሁ፣ ትክክል ነው» አለች። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ወደ ጥያቄ ገፋው። «እንግዲያው አንቺው ንገሪው። ከተቆጣም በአንቺ ነው።»

«ይሁን» አለችና ደወለች።

ገዢው ተቆጣ። ድምፁ እኔ እስካለሁበት ይሰማል። ጥያቄ አላቋረጠችውም፤ እስኪበርድ ጠብቃ በቀስታ ተናገረች። «ጌታዬ፣ ሁሉንም በቀጠሮው ልንልክልዎ እንችላለን። ግን እርጥብ እንጨት ነው የሚደርስዎት። ልጆቹ ሳይለምዱት ይጣመምና መልሰው ይጭኑልናል። ታናናሾቹ መሬት ላይ እንዳይቀመጡ የእነሱን አስቀድመን እናድርስ። ለትልልቆቹ ደግሞ የማይጣመም እንሥራላቸው።»  ከዚያ ገዢው «እሺ። ሁለተኛው ቀን ካለፈ ግን ከእናንተ ጋር ያለኝ ነገር ያበቃል» ብሎ ዘጋው። ጥያቄ ስልኩን አስቀምጣ የሁለተኛውን ጭነት ቀን በእስክሪብቶ ከበበችው።

የመጀመሪያው ጭነት በሰላም ሄደ። የሁለተኛው ሥራ ተጋምሶ ሳለ የትልቁ መጋዝ ሞተር ተቃጠለ። ግቢው ሁሉ ወደ ጥያቄ ዞረ። ጠጋኙ ሞተሩን አውርዶ ሲፈታ አንድ ቀን አለፈ፣ ሌላም ቀን አለፈ። የፈረቃው አለቃ መታገሥ አቃተው።

«ወፍራሙን ጣውላ በትንሹ መጋዝ እናስገባው» አለ። «ቀስ ብለን።»

«ትንሹ ለዚህ ጣውላ አልተሠራም» አለች ጥያቄ።

«ቀኑ እየሄደ ነው። ካለፈ ገዢው ይሄዳል፣ አንቺም በሙከራ ላይ ነሽ፤ ምን እንደሚከተል ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። ተጠያቂዋም እኔ ነኝ። ትንሹ መጋዝ አይነሣም።»

አለቃው ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄደ። ሥራ አስኪያጁ መጣ፣ መጋዞቹንም ልጅቱንም አየ። እሷ ከትንሹ መጋዝ ፊት አልተነቃነቀችም። «የተውናቸው ቀኖች ገና አላለቁም» ብቻ አለችው። እሱም ፊቱን በመዳፉ አሸት አደረገና «ይጠበቅ» ብሎ ተመለሰ። ዘበኛው መሣሪያ የሚያመጣ ሰው አስገብቶ የመጋዝ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሁሉንም ሰምቷል። ከዚያ ወደ ግቢው በር ተመለሰ።

ሞተሩ በማግስቱ ተነሣ። የብልሽት ቀኖቹ ተሟጠው ሲያልቁ ሥራውም አለቀ፤ ሁለተኛው ጭነት በቀጠሮው ቀን ወጣ። በዚያ ሁሉ ሳምንት ክሊኒኬ የመጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ጥርሱን አሞት።

ሚዜውና ባለመጋዙ በየሳምንቱ ይገናኛሉ። ያን ሳምንት ሚዜው «ልጅህ ትንሹን መጋዝ አላስነሣችም» ብሎ የሆነውን ነገራቸው።  ሚዜው ኋላ እንዳጫወተኝ፣ ባለመጋዙ ቀኝ እጁን ይዘው «እሰይ» አሉ።

በሚቀጥለው እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ጠሩኝ። የሙከራ ጊዜዋ በማለቁ ደስታቸውን ሊያካፍሉኝ ነው። ማዘጋጃ ቤት የሚሠራው የእህታቸው ልጅም መጥቶ ነበር። ሻይ ከቀረበ በኋላ ጎሮሮውን ጠርጎ ነገሩን አነሣ።

«አጎቴ፣ የመዝገብ ቤቱ ቦታ እስካሁን አለ። አሁንም ብትመጣ...»

«አመሰግናለሁ ልጄ። አትመጣም» አሉ ባለመጋዙ።

«ኮምፒዩተሩ...»

«ሰምቻለሁ። እሷም ሰምታለች። ፋብሪካው አዲስ የዕቅድ ፕሮግራም ሊገዛ ነው፤ ከረዳቶቹ አንዱ ወንበር እንደሚታጠፍ ኃላፊዋ በግልጽ ነግራቸዋለች። ፕሮግራሙን የተማረና ሥራ ቦታውን የሚያውቅ ይቀራል። ልጄ ለማታ ትምህርት ተመዝግባለች።»

«ማረጋገጫ የለውማ።»

«ለማን አለው? እኔ የመጋዝ ሥራ አያልቅም ብዬ ነበር፤ ጆሮዬን ወሰደው፣ የሚዜዬን ጣት ወሰደው፣ አሁን ደግሞ አዳዲሶቹ መጋዞች በቁልፍ ነው የሚሠሩት ይላሉ። እኔ ቋሚ ወንበር ስፈልግላት እሷ ቋሚ ሙያ ፈለገች። እሷ በያዘችው መንገድ ምን እንዳተረፍን ልንገርህ? ሠራተኛው ጊዜው ሲደርስ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ልጆቹም በብርሃን ያዩታል። ገዢው የማይጣመም ዴስክ ያገኛል። ሥራ አስኪያጁ የገባው ቃል ይፈጸማል፣ ሌላ ትእዛዝም ይመጣለታል። ሲስተርም ፋሻዋን ትቆጥባለች። እሷ ራሷ ዛሬ ረዳት ናት፣ ከተማረች ዕቅድ አውጪ ትሆናለች፤ እዚህ ባይሳካ ሌላ ቤት ይሳካል። የማይጠይቅ ሰው ሥራ ግን፣ መዝገብ ቤትም ሆነ መጋዝ ቤት፣ አንድ ቀን ያልቃል። ይህን ለማመን ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል፤ ሽማግሌ ነኝና ጆሮዬም ይከብዳል፣ ይቅር በሉኝ።»

ጥያቄ አንገቷን ደፍታ ሻይ ትቀዳ ነበር። ስኒው ሞልቶ እስኪፈስ አላየችውም።

የእህት ልጁ ስኒውን አስቀመጠ። ሊከራከር የተዘጋጀ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን «እኛም ጋ መዝገቦቹን ወደ ኮምፒዩተር እያዛወሩ ነው» አለ። «ባለፈው ወር ሦስት ሰው ወደ ሌላ ክፍል ተመደበ። ቤት አልተናገርኩም።»

ማንም አላፌዘበትም። ባለመጋዙ ወንበራቸውን ወደ እሱ አስጠጉ።

«ትምህርቱ የት ነው የሚሰጠው?» ሲል የእህት ልጁ ጥያቄን ጠየቃት።

«ከትልቁ ቤተ መጻሕፍት ጎን» አለች። «ምዝገባው አልተዘጋም። ነገ ከሥራ ስወጣ ማዘጋጃ ቤት በር ላይ እጠብቅሃለሁ።»

«ዕድሜዬ አያስቅብኝም?»

«ያስቅብሃል» አለች። «እኔም እዚያው ነኝ፣ አብረን እንስቃለን።»

በነጋታው አመሻሽ ላይ ከፋብሪካ ስወጣ ባለመጋዙን በር ላይ አገኘኋቸው፤ ከሚዜያቸው ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ልጅቷ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ሊሸኟት ነው የመጡት። ደብተሯን አቅፋ ወጣች፣ ሁለቱንም ሳመችና ቸኩላ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ መንገድ ታጠፈች። ባለመጋዙ እስክትሰወር አዩአት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው እንደ ወትሯቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ሲስተር፣ ቶሎ ነው የምትራመደው፤ ታየኝ፣ ትደርሳለች» አሉኝ።